መርዶዬን የጠበቅኩበት ቅዳሜ

«በእኛ ጊዜ፣ የኔ ልጅ፣ የሰው እናት ብትሞት እንኳ፣ ልጇ እስኪረዳ ድረስ ለእሱ አልሞተችም።»

አማቴ አባባ በቀለ ጨዋታውን የጀመሩልኝ እንዲህ ብለው ነው። ሰመራ፣ ቤታችን በረንዳ ላይ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ እኔ የመጀመሪያ ልጄን እያጠባሁ። ትምህርቴን ከዘጠነኛ ክፍል እንዳቋረጥኩ ያውቃሉና «እጅሽ እንዳይረሳ ጻፊው» አሉኝ። ሕፃኗ ስትተኛ የጻፍኩት ይኸው፤ ቃሉ የሳቸው ነው።

አዎ፣ በእኛ ጊዜ ሰመራ የምትባል ከተማ የለችም። አሁን ባጃጁ የሚርመሰመስበት ሁሉ ድንጋይና ነፋስ ነበር። ከተማ ማለት ለእኛ አዋሽ ሰባት ኪሎ ናት፣ ባቡር የሚቆምባት። እኔ ከመንዝ የወረድኩት ለጥጥ ነው። ያኔ ደገኛው ሁሉ ለጥጥ ለቀማ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ታዲያ ግማሹ በወባ እዚያው ይቀራል፣ ግማሹ ቢጫ ሆኖ ይመለሳል። እኔን እግዜር ሲረዳኝ መዳመጫው ውስጥ ገባሁ። መዳመጫ ታውቂያለሽ? ጥጡን ከፍሬው የሚለይ ማሽን ነው፣ ያገሳል፣ ብናኙ እንደ ጉም ነው፣ እና ያንን ብናኝ ስውጥ ስውጥ ድምፄ ሻከረ፣ እንደ ዛገ በር ሆነ። ለገና አገር ቤት ሄጄ ለእናቴ ብዘፍንላት ምን አለችኝ መሰለሽ? «ልጄ፣ ጉንፋን ይዞሃል፤ ተልባ ላፍላልህ።» እንግዲህ ያ የመጨረሻችን ነው። ተልባውን ጠጥቼ ወረድኩ።

ታዲያ አዋሽ ላይ ተስፋዬ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። አባቱ ጣቢያው ውስጥ ቴሌግራፍ ይቀበላሉ። ተስፋዬ ከድሬዳዋ የተገዛ ጊታር አለው፣ ከጅቡቲ በሚመጣው ባቡር ደግሞ የፈረንጅ ሸክላ የሚያመጡለት ሰዎች አሉት፣ ሮክ የሚሉትን። ሸክላው እስኪፋቅ ድረስ ያዳምጥና ጣቱን ጊታሩ ላይ ይፈልጋል፣ ይፈልጋል፣ ያገኘዋል። የምዘፍነው እኔ ነኝ፤ ከበሮ የሚመታልን ጀማል ነው፣ የባቡር ፍሬን የሚጠግኑት የሐረሩ ሰውዬ ልጅ። አንዱ ከበሮ የቅባት በርሜል ነበር። የጊታሩን ድምፅ የምናጎላው በአሮጌ ሬዲዮና በካሚዮን ባትሪ ነው፣ ባትሪው ሲደክም ጊታሩ እንደታመመች ፍየል ይሆናል። ሴቶቹ በመስኮት «እናንተ ልጆች፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ጥርስ ነው የምትነቅሉት?» ይሉናል።

ስም እናውጣ ተባለ። ጀማል «ፉርጎ እንባል» አለ።

«ለምን ፉርጎ?»

«ሞተር አለን እንዴ? የሚጎትተን እየጠበቅን አይደለም?»

ሳቅንና ፉርጎ ባንድ ሆንን።

ያን ጊዜ ባቡሩ አዋሽ ላይ ለምሳ ይቆማል፤ መንገደኛው ወርዶ ጣቢያው ቡፌ ውስጥ ይበላል፣ እኛም ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢው ውስጥ እንጫወትለታለን። አንድ ቀን ኮፍያ ያደረገ ወፍራም ሰው ሹካውን አስቀምጦ መጣ። አዲስ አበባ የምሽት ክበብ አለኝ አለ። «አሁን ወደ ድሬዳዋ ነኝ። በሚመጣው ቅዳሜ ስመለስ ያላችሁን ሁሉ አሰሙኝ። ከጣማችሁኝ እዚያው ባቡር ላይ ጭኜ ነው የምወስዳችሁ።»

ስሚ፣ የኔ ልጅ፣ ያ ምን ማለት እንደሆነ አሁን አይገባሽም። ለእኔ ከብናኙ መውጣት ነው። ከጎኔ የሚተኛው ልጅ ያን ሳምንት በወባ ተወስዷል፣ ሰሌኑ ገና አልተነሳም። ተስፋዬ ደግሞ ጨርሶ አበደ። «በቄ፣ ድምፅህን ጠብቅ፣ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳትጠጣ፣ አቧራ ላይ እንዳትስቅ» ይለኛል።

ታዲያ በሳምንቱ መሐል ቴሌግራፍ መጣ። እናቴ። የተቀበሉት የተስፋዬ አባት ናቸው። እኔ እርሻው ላይ ነኝ፣ አልሰማሁም። የአገራችንን ደንብ ታውቂዋለሽ፤ መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ በማለዳ ይኬዳል፣ ሰውየው ተይዞ ነው የሚረዳው። እድሩ ለዓርብ ማለዳ ቆረጠ። ተስፋዬ አባቱ እግር ላይ ወደቀ፣ ኋላ ነው የሰማሁት። «አባዬ፣ ዓርብ ከተረዳ ቅዳሜ አይዘፍንም፣ ዓመቱን ሙሉ አይዘፍንም። እሁድ ይሁን። የሞተች እንደሆነ አትነሳ፣ እኛ ግን እንቀራለን።» አባትም፣ ልጃቸው ነውና፣ እሺ አሉ። እድሩም እሺ አለ። ከተማው ሁሉ አፉን ያዘ።

ቅዳሜ ማለዳ ከእርሻው በትራክተር ተሳቢ መጣሁና ከከተማው ወዲያ ወረድኩ። ሸሚዜን ሳራግፍ ሁመድ መጣ። ሁመድ የአፋር ልጅ ነው፣ ወዳጄ ነው፣ ግመሎቹን ይነዳል። እርሻው ሳይመጣ ያ መሬት ሁሉ የነሱ ግጦሽ ነበር፤ አሁን ለውሃ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። እና አፋር መንገድ ላይ ከተገናኘ ዳጉ ሳይለዋወጥ አያልፍም። ቁጭ ይላል፣ ያየውን የሰማውን በሙሉ ይናገራል፣ አንተም ትናገራለህ። ዳጉ አይቆረጥም፣ አይጨመርበትም።

በትሩን ተመርኩዞ ቁጢጥ አለ። «አማን ነህ? ምን አየህ? ምን ሰማህ?»

እኔ የእርሻውን ነገርኩት። እሱ ቀጠለ፣ እንዲህ በእርጋታ፣ ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ። «ከላይ ዘንቧል። ወንዙ ደፍርሷል። የአጎቴ ግመል ወልዳለች፣ ግልገሉ ቆሟል። ከታች ያለው ጉድጓድ ደርቋል፣ በዚያ አትሂድ። ጣቢያ ሰው ይንሾካሾካል። የበቀለ እናት አገሯ ሞታለች ይላሉ፣ እሁድ ይነግሩታል ይላሉ።»

ሸሚዜን ማራገፉን ተውኩ። እሱ ዓይኑን ከመሬት አነሳ።

«ሁመድ፣ ይሄ እኮ እንዲህ አይነገርም» አልኩት።

«አንተ ጠየቅህ። እኔ ሰማሁ። ዳጉ የደበቀ ሰው፣ ወንድሙን ውሃ ወደሌለው ጉድጓድ የላከ ነው።» ተነሳና ትከሻዬን ያዘኝ፣ ብዙ ያዘኝ፣ ከዚያ ግመሎቹን ነድቶ ሄደ።

እዚያው ቆምኩ። አላለቀስኩም። ለምን አላለቀስክም ትይኝ ይሆናል። ያልተረዳ ሰው ሐዘንተኛ አይደለማ። ማን ደረቴን ሊይዘኝ፣ ማን ሊቀመጥልኝ ነው ብቻዬን መንገድ ላይ የማለቅሰው? እና ደግሞ አንድ ነገር አሰብኩ። ተስፋዬ ይነግረኛል አልኩ። ወንድሜ ነው፣ ይሄን ያህል አይችልም፣ ፊቴን ሲያይ ይነግረኛል። ከነገረኝም፣ ምላሴ ምስክሬ ነው፣ «ዘፍኜ አለቅሳለሁ» እለው ነበር። እናቴ ጉንፋን ይዞሃል ባለችው ድምፅ ለእሷው እዘፍንላት ነበር።

ቡፌው ጋ ደረስኩ። ተስፋዬ ጊታሩን ይቃኛል።

«ተስፍሽ፣ ከአገር ቤት ወሬ የለም?»

«ምን ወሬ አለ፣ ሁሉም ደህና ነው ይላሉ።» ዓይኑን ክሩ ላይ ተክሎ። «ውሃ አልጠጣህም አይደል?»

ወደ ጀማል ዞርኩ። ጀማል የከበሮውን ገመድ ያጠብቃል፣ ያላላል፣ መልሶ ያጠብቃል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። «ኢና ሊላሂ» ሲል ሰማሁት፣ እስላሞች ሰው ሲሞት የሚሉትን፣ ለራሱ ነው። «ምን አልክ ጀማል?» አልኩት። «ገመዱ አስቸግሮኝ ነው» አለ።

ባቡሩ ገባ። ባለኮፍያው ሰውዬ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ከኋላ ደግሞ የከተማው ሰው መጥቶ ቆሟል፣ የእድሩ ሽማግሌዎች፣ ሴቶቹ። ከዚህ በፊት አንድ ቀን መጥተው አያውቁም። አንዷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ መጥታለች፣ የሐዘን አለባበስ፣ እጇ ለምዶባት ነው፤ ጎረቤቷ ወዲያው አቃናችላትና «ምን ነካሽ፣ ያያል» አለቻት። አየሁ። ሁሉን አየሁ።

ዘፈንኩ። የጭፈራ ዘፈን ነው፣ ወገብ የሚያስይዝ፣ እስክስታና ሮክ የተቀላቀለ፣ እኔና ተስፋዬ ያወጣነው። እኔ እዘላለሁ፣ እጄን አጨበጭባለሁ፣ እና ከኋላ የቆመው ሰው ያለቅሳል። ሽማግሌው ያለቅሳል፣ ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ አፋቸውን በነጠላ አፍነው። እኔ እንደማያውቅ ሰው እዘፍናለሁ፣ እነሱ እንደማያውቅ ሰው ያዩኛል። መንገደኛው ግራ ገብቶት እሱም ሹካውን ጣለ።

ሲያልቅ ባለኮፍያው ሰውዬ ተነሳ። ዓይኑ ቀልቷል። «እኔ በዚህ ሥራ ስኖር» አለ፣ «በጭፈራ ዘፈን ሰው ሲያለቅስ አላየሁም። ይሄን የሻከረ ድምፅ ነው የምፈልገው። ጫኑ።»

እንግዲህ እናቴ ናት ያስመረጠችኝ። ሞታ።

ጫንን። በርሜሉን፣ ባትሪውን፣ ሬዲዮውን። ባቡሩ ፊሽካውን ነፋ። ተስፋዬ በሩ ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋልኝ። «ግባ እንጂ በቄ።» አንድ እግሬን ደረጃው ላይ አደረግኩ።

«ተስፍሽ፣ የምትነግረኝ ነገር አለ?»

አየኝ። እንዳወቅኩ ያን ጊዜ ነው ያወቀው፣ ፊቱ ነጣ። አሁን ይላል አልኩ። አሁን ይላል። ባቡሩ ተንቀጠቀጠ።

«አዲስ አበባ ስንደርስ እናወራለን» አለኝ።

እግሬን አወረድኩ።

ጀማል ከውስጥ «በቀለ፣ በቀለ» እያለ ይጮሃል። ተስፋዬ አልጮኸም። እጁን እንደዘረጋ ከዓይኔ ራቀ።

ከዚያ ወደ ተስፋዬ አባት ሄድኩና «አርዱኝ» አልኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ነገ ማለዳ፣ ልጄ።» ደንብ ነዋ። ቤታቸው ወሰዱኝ፣ እራት አበሉኝ፣ ሌላ ሌላውን አጫወቱኝ፣ እኔም የማላውቅ ሆኜ በላሁ። ሊነጋጋ ሲል ሰው ግቢውን ሞላ። እሳቸው እጄን ይዘው «እናትህ አርፋለች» አሉኝ። እና እንደ አዲስ አለቀስኩ። ስሰማው እንደ አዲስ ነው፣ የኔ ልጅ። ያን ለት ነው የሞተችው።

ከእሁዱ ጀምሮ ከመዳመጫው አልወጣሁም፣ እርሻው እስኪወረስ ድረስ። ፉርጎዎቹ ሌላ ድምፃዊ አገኙ፣ ስማቸውን ለወጡ፣ አገር አወቃቸው። ያን ዘፈን በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ። ለስላሳ ድምፅ ነው የሚዘፍነው፣ ሰው ይጨፍርበታል፣ የሚያለቅስ የለም።

«ከተስፋዬ ጋር አልታረቁም፣ አባባ?» አልኳቸው። በጨዋታው ሁሉ የተናገርኩት ይህን ብቻ ነው።

መቼ ተጣላን? አንዴ መጥቶ ነበር፣ ሽበት ወሮት፣ መኪና ይዞ። አብረን በላን። «በቄ፣ ያን ለት…» ብሎ ጀመረና ተወው። እኔም አልጠየቅኩትም። ልጅ ነበር፣ አዲስ አበባ እንዳታመልጠው ፈርቶ ነው። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ለሰው አዝኖ መደበቅ አለ፣ ለራስ ብሎ መደበቅ አለ። የሚደበቅበት ሰው ሁለቱን ይለያቸዋል። በይ ልጅሽ ነቃች፣ አንሻት።

አባባ ይህን ብለው ሳቁ። ሳቃቸው እንደ ዛገ በር ነው።

ይህን ካጫወቱኝ ቆየ። ያኔ የማጠባት ልጄ አሁን ትምህርት ቤት ትሄዳለች። አባባ አልጋ ይዘዋል።

ሰሞኑን ሬዲዮው አንድ የጥንት ጊታር ተጫዋች ማረፉን ተናገረ። ተስፋዬ ነው። ባለቤቴ ቶሎ ብሎ ሬዲዮውን ከአባቱ ክፍል አወጣና «ባትሪው አልቋል በያቸው» አለኝ። «የደም ግፊት አለባቸው። ወንድሞቼ እስኪመጡ ይቆይ፣ ከዚያ ይታሰብበታል።»

ከሰዓት ሻይ ሳስገባላቸው አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ነበር።

«ከአዲስ አበባ ወሬ የለም?» አሉኝ።

ብርጭቆውን አስቀምጬ ወጣሁ።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል፣ ቤቱ ሁሉ እንደተኛ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩና ገብቼ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፤ እጃቸውንም ያዝኩ።