አንገተ ሙሉዎቹ

ልብስ ሰፊው ከሱቅ አዝራር ገዝቶ ሲወጣ ደጃፉ ላይ ከወንድሙ ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። ሐኪም ቤት ነርስ ናት። ጎንበስ ብላ ሰላም ስትለው ጉሮሮዋ ሥር ቀጭን የስፌት መስመር አየ።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ?»

«ታክሜ ነው ጋሼ። እርስዎን ልፈልግ ስል እግዜር አገናኘን።»

ወደ መስፊያ ቤቱ ወሰዳት፤ ከወንበሩ ላይ ብጥስጣሽ ጨርቁን አንስቶ አስቀመጣት።

ቤተ ዘመዱን ሰፈርተኛው «አንገተ ሙሉዎቹ» ይለዋል። ልብስ ሰፊውም ወፍራም አንገትን የዘሩ ማኅተም አድርጎ ይኮራበታል፤ ለዘመድ ሸሚዝ ሲቆርጥ ኮሌታውን ሳይለካ ያሰፋዋል። እናቱ በዚያ አንገቷ ታፍና ስትሞት እንኳ «የዕድሜ ነገር ነው» ብሎ አልፎታል።

«የአባቴ የአንገቱ እብጠት ካንሰር ሆኖ ተገኘ» አለች። «ዓይነቱ በዘር ሊመጣ የሚችል ስለሆነ ደሙን መረመሩ፤ አንድ የተበላሸ ዘረ መል አገኙበት። እኔም ላይ አለ።»

«ዘራችን የተረገመ ነው በይኛ!»

«ማን ረገመው? ዘረ መል እኮ እርስዎ ጨርቅ እንደሚቆርጡበት የወረቀት ልክ ነው። ልኩ ከተሳሳተ ልብሱም ይሳሳታል። ጨርቁ ምን አጠፋ?»

«እኔ ምንም አላመመኝም፤ ይኸው እንደ በሬ ነኝ!»

«የጨነቀኝስ የበሬ አንገትዎ አይደል?»

ሳይወድ ሳቀ። «ታዲያ አንገቱ ያበጠ ሁሉ ካንሰር አለበት?»

«የለበትም። ብዙው እንቅርት ካንሰር አይደለም፤ የታይሮይድ፣ የዚህ የአንገት ዕጢ፣ ካንሰርም አብዛኛው በዘር አይመጣም። የእኛው ግን ይመጣል። ካለበት ወላጅ የተወለደ እያንዳንዱ ልጅ፣ የመውረሱም ያለመውረሱም ዕድል እኩል ነው።»

«ይኼ ከተሰማ የልጅ ልጄን ማን ያገባታል?»

«ኧረ ጋሼ፣ ገና የወተት ጥርሷ አልተነቀለም! መጀመሪያ ትደግ እንጂ።»

ልብስ ሰፊው እስካሁን ስለ ስሙ ሲሟገት ነበር፤ አሁን የልጅ ልጁ አንገት ዓይኑ ላይ መጣ።

«እሷም ላይ ሊኖር ይችላል?»

«እርስዎ ላይ ከተገኘ አባቷ ይመረመራል። እሱ ላይ ከሌለ ከእሱ አትወርሰውም። ካለና ከወረሰች ደግሞ ዕጢው ካንሰር ሳይይዘው ይወጣላታል፤ በየቀኑ ኪኒን እየዋጠች እንደ ልጅ ትቦርቃለች። አባቴ ዘግይቶ ነው የደረሰው፤ ለእሱም ቢሆን ያንኑ የዘረ መል ጥፋት የሚገታ መድኃኒት ተገኝቶለታል።»

«በእግዜር ሥራ መግባት አይሆንም?»

«ዓይንዎ ሲደክም መነጽር አደረጉ፤ ተቆጣዎት?»

መነጽሩን አወለቀና ጠረገው። «ነይ ውሰጂኝ» አለ።

ምርመራው እሱም ላይ፣ ልጁም ላይ፣ ትንሿም ላይ ያንኑ ዘረ መል አሳየ። አያትና አባት ከዕጢያቸው አልፎ ያልተሰራጨ ካንሰር ተገኝቶባቸው ታከሙ። የልጅቷ ዕጢ ግን በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሲመረመር ካንሰር አልተገኘበትም። ፈጣሪ ይመስገን፣ ቀድመው ደርሰዋል።

ይህ ውጤት በተነገረ ዕለት ዘመድ አዝማዱ ሊጠይቃት መጥቶ የሐኪም ቤቱን ኮሪደር ሞልቶት ነበር። ልብስ ሰፊው ደረቱን ነፍቶ መሐላቸው ቆመ።

«ጥፋቱ በእኔ በኩል ደረሳት፤ መዳኗም በእኔ በኩል ጀመረ። ስኮራ ብትታዘቡኝ አልፈርድባችሁም! እናንተም ተመርመሩ። የሌለበት እፎይ ብሎ ይተኛል፤ ልጆቹም ከስጋት ያርፋሉ። ያለበት ሳይታመም ይታከማል። ከእንግዲህ ከዚህ ቤት ታፍኖ የሚሞት አይኖርም።»

«እኔ መርፌ እፈራለሁ» አለች ታላቅ እህቱ ከወደ ኋላ።

«ትንሿ እንኳ ችላዋለች፣ እታለም። እጅሽን እኔ እይዝልሻለሁ።»

እህቱ ጥቂት አንገራገረች። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ወጣቶቹን ገለል በሉ እያለች፣ ወደ ደም መስጫው ክፍል ከሁሉም ቀድማ ገባች።