የአያ ሞላ ሹሩባ

በእኛ ዘመን እኮ ልጆቼ፣ የወንድ ልጅ ሥራው ከራሱ ላይ ይታይ ነበር። አንበሳ የገደለ፣ ጎሽ የገደለ እንደሆነ ፀጉሩን ሹሩባ ይሠራል፣ ቅቤ ይቀባል፣ እና በገበያ ሲያልፍ ሰው መንገድ ይለቅለታል። ያሁኖቹ ለማማር ነው የሚሠሩት፣ ይመርባቸው፣ ያን ጊዜ ግን ዝም ብሎ የሚሠራ አልነበረም።

ታላቅ ወንድሜ አያ ሞላ ሹሩባ ነበረው። እኛ ከሸሕዲ ወደ መተማ ሲወረድ ካለው ቆላ ነበርን፣ ሰሊጥና ማሽላ ነው የምናርሰው። ከብቱን የሚፈጅ አንበሳ መጣና አያ ሞላ በአባታችን ጠመንጃ ጣለው። ታዲያ እናታችን ቀደም ብላ ሞታ ነበርና ሹሩባውን የሠራሁለት እኔ ነኝ። ወፈር ወፈር አድርጌ፣ ከግንባሩ ወደ ማጅራቱ። አቤት ሲያምር! እስካሁን በህልሜ ፊቱን አላየውም፣ የማየው ያን ማጅራት ነው፣ ሰሊጡ ውስጥ እየሄደ፣ እየሄደ፣ እየሄደ።

ኋላ ደርግ መጣ። ጫካ የገቡትም ሹሩባ ይሠሩ ነበርና ካድሬው «ሹሩባ ያለው ወንድ ሽፍታ ነው» አለ። ሁለት ጎረቤቶቻችንን ከገበያ ወሰዷቸው፣ እና በቃ፣ ወሰዷቸው ነው፣ አልተመለሱም። ታዲያ አንድ ጠዋት የቀበሌው ሊቀመንበር፣ የክርስትና አባቴ ነበረ፣ በእርሻው በኩል ዞሮ መጣና «ሞላን ነገ ሊይዙት ነው፣ ዛሬውኑ ተላጭቶ ወደ ሱዳን ይሻገር» ብሎኝ ውኃ እንኳን ሳይጠጣ ሄደ።

ምላጭ ይዤ ሄድሁ። «አያ፣ ና ልላጭህ» አልሁት።

«አንገቴን ቁረጪው!» አለ።

«ይገድሉሃል እኮ!»

«ይግደሉኛ! ተላጭቼማ የማን ልጅ እባላለሁ?»

አለቀስሁ፣ ለመንሁ፣ እምቢ። ታዲያ እንባዬን ስጠርግ፣ እንጃ፣ እግዜር ነው ያሳየኝ፣ የገዛ ሹሩባዬ እጄ ላይ ወደቀ። «አያ» አልሁት፣ «ሳይቆረጥስ? እንደኔ በቀጭኑ ልሥራህና፣ የእናታችንን ቀሚስ ለብሰህ አብረን እንሻገር።»

ቀና ብሎ አየኝ። ኧረ አስተያየቱን ብታዩት! ይመታኛል ብዬ ነበር። ታዲያ ሹሩባውን ዳበስ አደረገና «ፀጉሩ አይነካም?» አለ። «አንዲት ዘለላ አይቆረጥም» አልሁት። መጣና ከእግሬ ሥር ተቀመጠ።

እህ... ያ ጠዋት! ሰሊጡ አብቧል፣ ንቡ እም ይላል፣ ሙቀቱ ገና አልበረታም። እሱ ራሱን ጉልበቴ ላይ ጥሏል፣ እኔ እፈታለሁ። እና ስፈታ፣ ስፈታ፣ እጄ የኔ አልመስል አለኝ፣ የእናቴ እጅ መሰለኝ። እሱም እንቅልፍ ሸለብ አድርጎት ኖሮ «እማዬ» አለኝ። እኔም ሠራሁ፣ በቀጭኑ፣ በቀጭኑ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ እስክትወጣ።

ፂሙን ስላጨውስ አልተቃወመም። ቀሚሱን ለበሰ፣ ሻሽ አሰርሁለት፣ እና የገበያ ቀን ነበርና ሽንኩርት ተሸክመን ከድንበሩ ማዶ ገላባት ለመሸጥ ከሚሻገሩት ሴቶች ጋር ተቀላቀልን። አረማመዱ ግን የወንድ ነው! «አጠር አጠር አድርገህ ርገጥ» እለዋለሁ በሹክሹክታ። «እሺ!» ይላል፣ በዚያ በወፍራም ድምፁ። «ዝም በል፣ አንተ ሰውዬ!» እለዋለሁ።

መሻገሪያው ላይ አንድ ወታደር አስቆመን። በአነጋገሩ የወሎ ልጅ ይመስለኛል። «ሻሹን አውርጂው» አለ። አያ ሞላ ድርቅ ብሎ ቆመ። ያወረድሁለት እኔ ነኝ። ወታደሩ አየ፣ ቀረብ ብሎ ደግሞ አየ።

«ሹሩባሽን ማን ሠራሽ?»

አያ ሞላ ጭጭ።

«ድዳ ናት ጌታዬ» አልሁ፣ «እህቴ ናት፣ እኔ ነኝ የሠራኋት።»

«እጅሽ ይባረክ» አለኝ። «እህቴም እንዲህ ነበር የምትሠራው፣ ካየኋት ስንት ጊዜዬ...» አለና ተወው። «በሉ እለፉ።»

አለፍን። የሱዳንን መሬት ከረገጥን በኋላ አያ ሞላ ከዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ትከሻው ይናጥ ጀመር፣ ያለቅስ ይሁን ይስቅ እስከዛሬም አላወቅሁ። ቀሚሱን አውልቆ ከሽንኩርቱ ሥር ደብቀን ያመጣነውን የሱዳን ጀለብያ ሲለብስ «እንግዲህ ልፍታልህና እንደ ወንዱ ልሥራህ?» አልሁት። «ተይው፣ ያንቺን እጅ ይዤው ልሂድ» አለኝ። እና በዚያው በሴት ሹሩባ ወደ ገዳሪፍ ሄደ።

ደርግ ሲወድቅ ነው የተመለሰው፣ ራሱ ተመልጦ። ታዲያ በልጄ ሠርግ ላይ ጎረምሶቹ «አባባ፣ እስቲ በአንበሳው ይፎክሩልን» አሉት። ብድግ አለና «የአንበሳውንማ ታውቁታላችሁ» ብሎ የቀሚሱን ነገር፣ የድዳዋን ነገር፣ አንድ ሳያስቀር አያወራላቸው መሰላችሁ! እኔ በነጠላዬ ፊቴን ሸፈንሁ። ቀድሞ የሳቀው እሱ ራሱ ነው፣ ከዚያማ ዳሱ በሙሉ!

— እማማ፣ እኔ ብሆን ለማንም ትንፍሽ አልልም ነበር።

አንተማ አትልም ልጄ! እሱ እኮ አንበሳ የገደለ ሰው ነው፣ ምን ያሳፍረዋል! (ይስቃሉ።)