ቦርጭ አጥፊው ቀበቶ

ከሉማሜ ወደ ደብረ ማርቆስ ስንሄድ ነው። ከፊቴ የተቀመጠው ጎልማሳ፣ በቴሌቪዥን የሚያስተዋውቁትን ያንን የሚንቀጠቀጥ ቦርጭ አጥፊ ቀበቶ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ እያለ አጠገቡ ያሉትን ሴትዮ ያማክራል።

«ግዛ እንጂ! እኔ ገዝቼ ተጠቅሜበታለሁ።»

«እውነት ቦርጭ ያጠፋል?»

«ቅቤ ያወጣል።»

«ምን አሉኝ እትዬ?»

«እርጎ የምንጥበት ቅል ላይ አስሬ ሶኬቱን እሰካለሁ። ከብቶቹን አጠጥቼ ስመለስ ቅቤው ወጥቶ ይጠብቀኛል።»

«እርስዎስ አይታጠቁትም?»

«በፍስክ ቅሉ ይታጠቀዋል፤ በጾም ቅሉ ሥራ ሲፈታ እኔ እታጠቀዋለሁ።»

«ታዲያ ቀነሱ?»

«ሁዳዴን ታጥቄው ወገቤ የልጃገረድ መሰለ። ፋሲካ ሲደርስ ለቅሉ መለስሁለት፤ ወር ሳይሞላ ቦርጩ ተመልሶ መጣ። አየህ የቀበቶውን ሥራ?»

«ያከሳዎት ጾሙ አይሆንም?»

«ጾም ለነፍስ ነው ልጄ፤ ከቦርጭ ጋር ምን አገናኘው?»

«ያወፈረዎትስ ቅቤው ቢሆን?»

«ቅቤማ ከልጅነቴ ጀምሮ ስበላ ኖሬያለሁ። ቀበቶውን የፈታሁት ግን ያን ጊዜ ነው።»

ጎልማሳው ሆዱን ዳበሰ።

«እንግዲያው ሁለት መግዛት ነው የሚሻለው። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለቅሉ።»

«ተመስገን፣ አሁን ገባህ!»

እኔ ለእናቴ የወገብ ሕመም የገዛሁትን ያንኑ ቀበቶ ከነካርቶኑ ጭኔ ላይ እንደያዝኩ፣ የቤታችን ቅል ወገቡ ምን ያህል እንደሚወፍር ለማስታወስ ሞከርኩ።