ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት

ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ልብስ ሰፊው ጎረቤታችንን ከሕንጻችን ደረጃ ሥር አገኘኋቸው። አንድ ትልቅ ጥቅል ሰማያዊ ጨርቅ ተሸክመው ያለከልካሉ። ወድቀው የተሰበሩ ያህል ታየኝና ሮጬ አንዱን ጫፍ ያዝኩላቸው።

«የአርባ ተማሪዎች ሱሪ ነው» አሉኝ። «ጨርቁ ልክክ ብሎ ነው የሚበቃው። ፋብሪካው ይህን ቀለም ትቶታል፤ ካበላሸሁት ሌላ የለም።»

ጨርቅ ሳይባክን እንዴት እንደሚቆረጥ የሚያሰላ ፕሮግራም የሠራችው ልጄ፣ መጀመሪያ የምትሞክረው በዚሁ ሥራ ላይ ነበር። አርባ ልጆች ያለ ሱሪ ሲቀሩ፣ ወላጆቻቸው በራችንን ሲደበድቡ ከወዲሁ ታየኝ።

ልጄ ከሕንጻው ሥር ባለው ሱቃቸው ውስጥ፣ ፕሮግራሙ ያለበትን ፍላሿን ይዛ ትጠብቀናለች። ከሁለቱ የስፌት መኪናዎች ጀርባ አሮጌው ኮምፒውተራቸው ቁራጭ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል።

«የኔ ልጅ» አሉ ልብስ ሰፊው፣ «ፕሮግራሙን የሠራሽው በአንቺ ኮምፒውተር ነው። የኔው እንደኔ ያረጀ ነው፤ የሚሠራበት ሥርዓትም ሌላ ነው አሉ። እንዴት አድርገው ይግባባሉ?»

«ጋሼ፣ ሩቅ ያለ ደንበኛ ልኩን ቢልክልዎ አይሰፉለትም?»

«እሰፋለታለሁ እንጂ!»

«እኔም እንደዚያው ነኝ። ቤቴ ቁጭ ብዬ ከአንድ ኮድ ለሦስት ዓይነት ኮምፒውተር አዘጋጃለሁ፤ ለእያንዳንዱ በልኩ።»

«ኮዱንስ ለዓለም ሁሉ ክፍት አደረግሽው አሉ። እኔ አቆራረጤን ለማንም አሳይቼ አላውቅም።»

«ለዚህ ነዋ ኮሌታዎ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተጣመመው!»

በክርኔ ጎሰምኳት። እርሳቸው ግን ሳቁ። «የተጣመመውስ የደንበኛው አንገት ነው!»

«ያየ ሰው ያርመኛል፣ ጋሼ» አለች ልጄ ረጋ ብላ። «ባለፈው ወር በመልክ የማላውቀው ሰው አንድ ስህተቴን አስተካክሎ ላከልኝ። ጥቅሙ ለእርስዎም ይደርሳል።»

እኔ ግን አላስችል አለኝ። «ልጄ፣ ሩቅ ላለ ሰው የተሰፋ ሱሪ ሳይለካ ይለቀቃል?»

«እማዬ፣ በሦስቱም ዓይነት ሞክሬዋለሁ እኮ።»

«በእርሳቸው ኮምፒውተር ላይስ?»

ፍላሿን ኮምፒውተራቸው ላይ ሰካች። እኔ ደግሞ መቀሱን አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። «በወረቀት ካልተሞከረ ጨርቅ አይነካም!»

ልብስ ሰፊው የመጀመሪያውን ተማሪ ወገብ፣ 62.5፣ ብለው ጻፉ። ስክሪኑ 62 ብሎ መለሰ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ግማሿን ማን በላት? አላልኩም? አርባ ልጅ ትንፋሹን ውጦ ሊማር ነበር!» አልኩ እኔ።

ልጄ ታፍራለች ስል አጨበጨበች። «እማዬ፣ አገኘሽው!» የርሳቸው ኮምፒውተር ግማሽን የሚጽፈው በነጥብ ሳይሆን በኮማ ነው፤ ነጥቧን ሲያይ ከኋላዋ ያለውን ሁሉ ይተዋል። እቤት የሞከረችባቸው ሦስቱም ዓይነት ግን በነጥብ ብቻ እንዲጽፉ የተስተካከሉ ነበሩ።

ወደ ላይ ወጥታ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሰች። «ለምን ቆየሽ?» ብላት፣ «የእርሳቸውን ሳቃና የሌላውን እንዳላጣምም ሁሉንም እንደገና ሞከርኩ» አለችኝ። ልብስ ሰፊው ቁጥሩን ጻፉ፤ 62.5 መጣ። በወረቀት ቆርጠው በሜትራቸው ሦስት ጊዜ ለኩት። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«እህቴ፣ አሁን መቀሴን መልሽልኝ።»

አርባው ሱሪ ተሰፋ፤ ለሁለት ተጨማሪ ሱሪ የሚሆን ጨርቅም ተረፈ። ልብስ ሰፊውም ልጄን አስቀምጠው እንዲህ አሏት፦ «ስህተት ወረቀት ላይ ከተያዘ ማንንም አያዋርድም። ኮዱን ባትከፍቺው ያ የማታውቂው ሰው አያርምሽም ነበር፤ እኔ ጋ ባትሞክሪው ደግሞ እንደኔ ያለ ኮምፒውተር ያለው ሰፊ ሁሉ ጨርቁን ያበላሽ ነበር። ከእንግዲህ አዲስ ነገር ስታወጪ ይህን አሮጌ ሳትጠይቂ እንዳታልፊ። አቆራረጤንም ውሰጂና ጨምሪበት፤ ኮሌታው ሲቀር!»

እኔም ስፈራ መኖሬን እንደ በሽታ ቆጥሬው ነበር። አሁን ልጄ ግድግዳዋ ላይ «እማዬ የፈራቻቸው» የሚል ዝርዝር ለጥፋለች፤ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ሳያልፍ ለሰው አይሰጥም። ትናንት አሥራ ስምንተኛውን፣ «ስክሪኑ መሃል ላይ ቢጠፋስ?» የሚለውን ጻፈችልኝ።

ይህን ስነግራቸው ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ፣ «አሥራ ዘጠነኛውን ለኔ ያዙልኝ» አሉ። «ሌሊቱን ሙሉ ስፈራው አድሬያለሁ።»