እንገሩ ለማን ነው?

ነገሩ ከመለወጡ በፊት የነበረው ይህ ነው። በ፲፰፻፸፱ ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ወር፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች የዐሥራ አንድ ቤት መንደር ውስጥ፣ አመተ ማርያም የምትባል ሴት ወንድ ልጅ ከወለደች አራተኛ ቀኗ ነበር። ልጁ በእነዚያ ቀናት የእናቱን ጡት አልቀመሰም። እንገሩ፣ ማለት ከወሊድ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ወተት፣ ክፉ ነው ተብሎ ጥቂት ጥቂት እየታለበ ሦስት ቀን በጓሮ ተደፋ። ለልጁ በጣት ጫፍ ለጋ ቅቤ፣ በጥጥም የአብሽ ውሃ ይሰጠው ነበር። በአራተኛው ቀን «አሁን ይጥባ» ሲባል ጡቱ አጋተ፤ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፤ ጫፉም ከመወጠሩ የተነሣ ጠፍጣፋ ሆነ። ልጁ አፉን ከፈተ፣ ፈለገ፣ መያዝ አልቻለም። እናቲቱን ትኩሳት ያዛት። የልጁ ልቅሶ ከመደቡ አጠገብ ለቆመ ሰው ካልሆነ አይሰማም ነበር። ከእሱ በፊት የተወለዱት ሁለት ልጆች፣ አንዱ በዘጠነኛው፣ ሁለተኛዋ በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ሞተዋል።

ይህን የማውቀው ጠይቄ ስለ ጻፍሁት ነው። ሙያዬ ቁም ጽሕፈት ነው። በብራና ላይ መስመር የሚያሰምር ሰው በመጀመሪያው መስመር የሳተው የፀጉር ያህል ስሕተት ገጹን ሁሉ እንደሚያጣምመው ያውቃል። ስለዚህ ያየሁትን ለክቼ መያዝ ልማድ ሆኖብኛል።

በዚያ ጠዋት እኔና እኅቴ እናናየሁ ለአንድ ደብር የጻፍሁትን ዳዊት አስረክበን ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር እንመለስ ነበር። እናናየሁ ከአባታችን ከቄስ ገብረጻድቅ ዘንድ ከእኔ ጋር ፊደል ቈጥራ፣ ዳዊት ደግማለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ አዋላጅ ሆናለች። ጉሙ ገና አልተነሣም ነበር። ከአንዲት ወንዝ ስንደርስ ባና የደረቡ አንዲት አሮጊት በፍጥነት ሲሻገሩ አየን፤ ከኋላቸውም የቆዳ ከረጢት ያነገተ ሽማግሌ ይከተላል። ሽማግሌው በተራመደ ቍጥር ከከረጢቱ ውስጥ ቀንድ ከቀንድ ሲጋጭ ይሰማል።

«እንደምን አደሩ፣ እሜቴ?» አለች እኅቴ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጆቼ። ቤታችን ግን ደኅና አላደረም። ልጄ አራስ ናት፤ ጡቷ አጋተና ድንጋይ ሆነ። ይኸው አያ ወልደ ሰንበትን ይዤ መሄዴ ነው፤ በዋግምቱ ክፉውን ደም ይሳብላት።»

«ሦስት ቀንድ በግራ፣ ሦስት ቀንድ በቀኝ» አለ ሽማግሌው ከረጢቱን መታ አድርጎ። «እስከ ቀትር ይለቃታል።»

እናናየሁ ቆመች። «በወሊድ ያን ያህል ደም ያፈሰሰች ሴት እንደ ገና ልትበጣ ነው?»

አሮጊቷ፣ ስማቸው እመት ዘርፈሽዋል ነው፣ ከእግር እስከ ራሷ አዩአት። «አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?»

«የቄስ ገብረጻድቅ ልጅ ነኝ። አዋላጅ ነኝ።»

«እኔ የማውቃት አዋላጅ ጥርስ የላትም። አንቺ ስንት ወልደሻል?»

«አንድ ወልጃለሁ። ያዋለድሁት ግን መቶ ዐሥራ ሰባት ነው።»

«ቈጥረሽ?»

«ወንድሜ ይጽፍልኛል።»

እመት ዘርፈሽዋል ወደ እኔ ዞር አሉ። «ወንድ ልጅ የአራስ ቤት የሚቈጥርበት ዘመን መጣ! በሉ መንገዳችን አንድ ከሆነ እየሄድን እናውራ፤ እኔ መቆም አልችልም።»

ዳገቱን አብረን ያዝን። እኅቴ ወዲያው ወደ ክርክር አልገባችም። መጀመሪያ ልጁ ምን እንደ ጠጣ፣ ስንት ጊዜ እንደ ሸና ጠየቀች። ከዚያም ነገር የለወጠች መስላ፦

«እሜቴ፣ ላሞች አሉዎት?» አለች።

«አራት አሉኝ። ቡሬዋ ባለፈው ሐሙስ ወለደች።»

«እንገሩን ማን ጠጣው?»

«ጥጃዋ ናታ! ሌላ ማን ኖሮ? ጎረምሶቹ አፍልተው ሊበሉት ጮጮ ይዘው ሲመጡ በዱላ ነው ያባረርኋቸው። እንገር ያልጠጣ ጥጃ ጆሮው ይወድቃል፤ ሆዱ ይነፋል፤ ሳምንት አይቆይም። ይህን ለማወቅ ፊደል መቍጠር አያሻም፤ ሃምሳ ዓመት ከብት ይዣለሁ።»

እናናየሁ መንገዷን ቀጠለች። ዐሥር እርምጃ ያህል ሄድን፤ እመት ዘርፈሽዋል ግን በዐሥራ አንደኛው ቆሙ።

«ልጄን ከላም ጋር ነው የምታስተያዪው?»

«እኔ የጠየቅሁት ስለ ቡሬዋ ብቻ ነው።»

«ብልጥ ነሽ። የሰው እንገር ግን ሌላ ነው። ቢጫ ነው፤ ይዝለገለጋል፤ መግል ይመስላል። አያቴ ደፋችው፣ እናቴ ደፋችው፤ እኔም ሳልጠባው ይኸው አድጌ ዳገት እወጣለሁ።»

«እርስዎስ አድገዋል፤ ዕድሜ ይስጥዎ። ከእናትዎ ልጆች ስንቱ አደገ?»

«ከዘጠኝ ሦስት።»

ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ። አያ ወልደ ሰንበትም ከረጢቱን በእጁ ያዘው፤ ቀንዶቹ ዝም አሉ። እኅቴ የጠየቀችው ጥያቄ ከባድ እንደ ነበረ አልክድም። ሆኖም ካልተጠየቀ የማይለወጥ ነገር አለ፤ ይህ አንዱ ነው።

«እንግዲህ» አሉ እመት ዘርፈሽዋል፣ «ሁለቱን የልጅ ልጆቼን እኔ ገደልኋቸው ልትዪኝ ነው?»

«አላልሁም፤ አላውቅምም። ሕፃን የሚሞትበት ምክንያት ብዙ ነው። ያየሁትን ብቻ ልንገርዎ። ካዋለድኋቸው መካከል እንገር የጠቡት ሠላሳ አራት ናቸው፤ ከነዚያ በአርባ ቀን ውስጥ ሁለት ሞቱ። እንገር የተደፋባቸው ሰማንያ ሦስት ናቸው፤ ከነዚያ ዐሥራ ዘጠኝ ሞቱ።»

ቍጥሩን የጻፍሁት እኔ ስለሆንሁ እውነት መሆኑን እመሰክራለሁ። ከሞቱት አንዳንዶቹ በሳል፣ አንዳንዶቹ በብርድ እንደ ሞቱም ጽፌአለሁ። ነገር ግን ብርዱ ሁለቱንም ወገን እኩል ይመታል፤ ልዩነቱ ግን እኩል አይደለም።

እመት ዘርፈሽዋል ባናቸውን ሰበሰቡ። «ቍጥር ሕፃን አያጠባም፣ ልጄ። የተደፋው ተደፋ። ጡቱ ድንጋይ ነው፤ ልጁ መያዝ አልቻለም፤ ዛሬ ካልጠባ ነገን አያይም። አሁን ምን ይደረግ? እሱን ንገሪኝ።»

እኅቴ ፊቷ በራ። ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ ነበርና ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አያ ወልደ ሰንበት፣ ከቀንዶችዎ መካከል ደም ያልነካው አለ?»

«አንድ አለ። ትናንት ፍቄ የጨረስሁት የወይፈን ቀንድ። ምን ሊያደርግልሽ?»

«ወተት ሊስብ።»

ሽማግሌው መንገድ ላይ ቆሞ ሳቀ። «ሠላሳ ዓመት በዚህ ቀንድ የባላባት ጀርባ ስስብ ኖሬ በሽምግልናዬ ጡት አላቢ ልታደርጊኝ ነው? ገበያ ስወጣ ምን ይሉኛል?»

«ዝም በል፣ አንተ ሰው!» አሉ እመት ዘርፈሽዋል። «ሕፃኑ ከዳነ እኔ ገበያ ወጥቼ እመልስልሃለሁ።»

እንዳየኋቸው አላመኑም ነበር፤ እጃቸው ላይ ሌላ ነገር ስላልነበራቸው ብቻ ፈቀዱ። ለመጀመሪያው ቀን ግን መፍቀድ ይበቃል።

ከቤቱ ስንደርስ እኔና አያ ወልደ ሰንበት ከውጭ፣ ከግድግዳው ሥር ተቀመጥን። ከዚህ በኋላ የምጽፈው በግድግዳው በኩል የሰማሁትንና እኅቴ የነገረችኝን ነው። ቀንዱ በፈላ ውሃ ተቀቀለ። ጨርቅ በሙቅ ውሃ ተነክሮ፣ ተጨምቆ ጡቷ ላይ ተደረገ፤ ሲቀዘቅዝ ተለወጠ፤ ይህም አራት ጊዜ ሆነ። ቀጥሎ እናናየሁ ከብብት ጀምራ ወደ ጫፉ በመዳፏ ቀስ እያለች አሸች። አመተ ማርያም ጥርሷን ነክሳ አቃሰተች፤ ግን «ተይኝ» አላለችም።

«አሁን ቀንዱ ይደረግ» አለች እኅቴ። «የኔ እጅ ከዚህ መነሣት የለበትም። እሜቴ፣ እርስዎ ይሳቡ።»

«እኔ? ያንን ነገር በአፌ?»

«ወተቱ ቀንዱ ሆድ ውስጥ ይቀራል፤ እርስዎ የሚስቡት አየሩን ነው።»

ከዚያ እስከዚያች ሰዓት ቃሏን ያልሰማሁት አራስ ተናገረች። «እናቴ፣ ይኼኛውን አልቀብርም።»

አያ ወልደ ሰንበት ከተቀመጠበት ተነሥቶ አፉን ወደ ግድግዳው አስጠጋ። «የቀንዱን አፍ በውሃ አርጥቡት! አየር እንዳይገባ! እንደ ደም አይደለም፤ በቀስታ ሳቡ፤ ሳብ፣ ለቀቅ፣ ሳብ፣ ለቀቅ!»

«ዘርፈሽዋል መሳብ ከአንተ ትማር?» የሚል ቍጣ ከውስጥ መጣ፤ ከዚያም ቍጣው በቀንዱ ተቋረጠ።

አንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚደገምበት ጊዜ ያህል አለፈ። እኔ በልቤ ደግሜዋለሁና አውቃለሁ። ከዚያ ጩኸት ሰማን። ክፉ ነገር መስሎኝ ብድግ አልሁ።

«መጣ! መጣ!»

ቀንዱን ሲያዘነብሉ ጥቂት ጠብታ አፋቸው ገብቶ ኖሯል። ቀጥሎ እመት ዘርፈሽዋል ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፣ «ይጣፍጣል» አሉ። «ሦስት ቀን ሙሉ የደፋሁት ይህን ነው?»

እናናየሁ፣ «የተደፋውን ይተዉት፣ እሜቴ። ገና አለ። ይሳቡ» አለች።

በመጀመሪያው ስበት የወጣው ወተት በእንቍላል ቅርፊት ሲገለበጥ ግማሹን ሞላ። ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን በጫፉ ዙሪያ ያለው ጡት ለሰለሰ፤ ጫፉም ወጣ። እኅቴ ከወጣው ወተት በጥጥ ነክራ በልጁ ከንፈር ላይ ጠብ ጠብ አደረገችለት፤ ምላሱን ሲያወጣ ወዲያው ከእናቱ ጡት አስጠጋችው። ያዘ። ለቀቀ። እንደ ገና ያዘ።

«ዋጠ?» ብሎ ጠየቀ አያ ወልደ ሰንበት፣ ጥምጥሙን ከራሱ አውልቆ በእጁ ይዞ።

«ዋጠ!» አሉ ሦስቱም ሴቶች እየሳቁ ባንድ ላይ።

ሽማግሌው እንደ ገና ተቀመጠ፤ ፊቱንም በጥምጥሙ ጠረገ። «ሠላሳ ዓመት ደም ስስብ» አለኝ፣ «ከቤቱ ውስጥ ሲስቁ የሰማሁት ዛሬ ነው።»

እመት ዘርፈሽዋል የተረፈውን ወተት ይዘው ወጡ፤ ቅርፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። «ይህን ዐይን ቢያየውስ?»

«ይከድኑት» አለች እናናየሁ ከውስጥ። «ክዳን ከዐይንም ከዝንብም ይጠብቃል።»

እኅቴ ሁለት ቀን አብራቸው ቆየች፤ እኔም ከመንደሩ ቄስ ቤት አደርሁ። ቀንዱ በመጀመሪያው ቀን ስድስት ጊዜ፣ በሁለተኛው ሦስት ጊዜ ተሳበ፤ በሦስተኛው ቀን ልጁ ራሱ ሥራውን ስለ ተረከበ አላስፈለገም። የአመተ ማርያም ትኩሳትም በሁለተኛው ቀን ማታ ለቀቃት። ከመሄዳችን በፊት እናናየሁ ለመንደሩ ሴቶች ያለችው ይህን ነበር፦ ልጅ እንደ ተወለደ ከጡት ይጠጋ፤ እንገሩ የልጁ ነው። በጊዜ የሚጠባ ጡት አብዛኛውን ጊዜ አይጠጥርም፤ ከጠጠረም መድኃኒቱ ሙቅ ጨርቅና ትዕግሥተኛ እጅ ነው፤ ቀንድ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም ተቀቅሎ። አራሷን አጥሚት አጠጡአት፣ አስተኙአት፣ አትቈጡአት፤ የተጨነቀች ሴት ወተቷ ቶሎ አይፈስም። ልጁን ትታ መሄድ ግድ ከሆነባት አልባ፣ ከድና፣ በቀዝቃዛ ቦታ ታስቀምጥለት፤ ያም ለዚያው ቀን ይሁን።

በአርባኛው ቀን ለክርስትናው ተጠርተን ሄድን። አያ ወልደ ሰንበት አራት አዳዲስ ቀንዶች ፍቆ፣ ከደሙ ቀንዶች እንዳይደባለቁ በእያንዳንዱ ወገብ ላይ ቀለበት ቀርጾባቸው፣ በተለየ ከረጢት ይዞ መጣ፤ ስለ ገበያው ሳቅ ስጠይቀው ግን ነገር ለወጠ። በዚያው ሳምንት ጎረቤታቸው ሸዋወርቅ ወልዳ ነበር። አክስቷ እንገሩን ልትደፋ ስትነሣ እመት ዘርፈሽዋል ጎረምሶቹን ያባረሩበትን ዱላ ይዘው ከደጃፏ ቆመው ዋሉ።

«እንዴት አሳመኑአቸው?» አልኋቸው።

«ስለ ቡሬዋ ጠየቅኋቸው» አሉኝ።

በአራተኛው ቀን፣ ልጁ መጀመሪያ ከጠባ በኋላ፣ የቀኝ ክንዱን ዙሪያ በመስፊያ ክሬ ለክቼ ጫፍ ከጫፍ ሲገናኝ ቈርጬው ነበር። ከክርስትናው መልስ ያንኑ ክር በዚያው ክንድ ላይ አዞርሁት። አልገናኝ አለ፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል የቀረው ክፍተት አንድ ጣት ተኩል ነበር።