ሱሉልታ ላይ ያላየሁት ፈረስ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የስምሪት ኃላፊያችን ወይዘሮ የወይንሐረግ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የጅቡቲ መንገድ አብሮ ያስረጀን ሾፌር ወንድሞቼ፤ አካም ጅርቱ፣ እንደምን ዋላችሁ?

ቅዳሜያችሁን ትታችሁ ለእኔ ብላችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ያክብርልኝ። ጋራዡን አጥባችሁ አዳራሽ አስመስላችሁታል። መካኒኮቹ የሚገቡበትን ጉድጓድ በሳንቃ ሸፍናችሁ ላዩ ላይ ወንበር ደርድራችሁበታል፤ እዚያ ላይ የተቀመጣችሁ ሰዎች ብዙ ባትስቁ ይሻላል። ስለ ምሳውም አመሰግናለሁ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ ይህ ቤት ምሳ ሲጋብዘኝ የመጀመሪያው ነው። ለመጋበዝ መሄድ እንደሚያስፈልግ ባውቅ ድሮ እሄድ ነበር።

የወይንሐረግ አምስት ደቂቃ ብቻ ተናገር ብላኛለች። እሷ ‘አምስት ደቂቃ ጠብቅ’ ብላ ሚሌ ላይ ሁለት ቀን እንዳቆመችኝ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔም ዛሬ በእሷ ሰዓት ነው የምናገረው።

ፕሮግራሙ ላይ እንደተጻፈው፣ በመጨረሻ የመኪናዬን ቁልፍ ለወዳጄ ለኦቦ ዲሪባ አስረክባለሁ። ማክሰኞ ጭኖ ይወጣል። ቁልፉ እስከዚያው ኪሴ ውስጥ ነው።

ብዙዎቻችሁ ‘ጋሼ ይገዙ ገና ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ምን አስቸኮለው?’ ስትሉ ሰምቻለሁ። የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብያችሁ ነበር። ውሸቴን ነው። እውነቱን ለመናገር ድፍረት አጥቼ ነው።

ነገሩ የሆነው ከሁለት ወር በፊት ነው። ሐሙስ ከጅቡቲ ገብቻለሁ፣ ማክሰኞ ደግሞ ልጭን ነው። ባለቤቴ አሰጋሽ፣ ያቺ ከኋላ የተቀመጠችው፣ ለስንት ዓመት ስትለምነኝ ኖራለች። አንተ አገር ለአገር ስትዞር እኔ ሰበታ ላይ በር ስጠብቅ አረጀሁ ትለኛለች። ቡራዩ ያለችውን እህቷን እንይ፣ ከዚያ ሱሉልታ ሄደን የልጃችንን የማርያማዊትን አዲስ ቤት እንመርቅ አለች። ልጄ ቤት ከገባች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት እኔ ደጃፏን አላየሁም ነበር። እሺ፣ ሽርሽር ይሁን አልኩ።

ጎረቤቴ ቪትዙን አዋሰኝ። ስገባባት ጉልበቴ ጆሮዬ ደረሰ። አሰጋሽ ከጎኔ ተቀምጣ የዚህ ሥራው ምንድነው፣ የዚያስ እያለች ትጠይቀኛለች። የእጅ ፍሬኑን ጭምር ጠየቀችኝ፤ እየሳቅኩ ነገርኳት። ምን ላስብ? አርባ ቶን ተሳቢ ይዤ ስመላለስ የኖርኩ ሰው፣ ይቺን መዳፍ የምታክል መኪና ይዤ ምን እሆናለሁ?

ዓለም ገና ሳንደርስ የግራ ስፖኪዮዬ ከባጃጅ ጋር ተጋጨ። ወርጄ ባለ ባጃጁን ዘለፍኩት። እሱም በትህትና፣ ‘አባቴ፣ እኔ እኮ ቆሜ ነበር’ አለኝ። የቆመ ባጃጅ መጣብኝ ብዬ ሰው ሰብስቤ ስከራከር ነበር፤ ሳስበው አፍራለሁ። ቡራዩ ደግሞ ኮብልስቶኑ ላይ የግራ ጎማዬን ሁለት ጊዜ ቦይ ውስጥ ከተትኩ። መንገዱን የሠራውን ሰው ረገምኩት። የአሰጋሽ እህት በር ላይ ቆማ እጇን እያወዛወዘች ሦስት ጊዜ አልፌያት ሄድኩ። ቤቷ በግራ በኩል ነው። እኔ ግን የቤቱን ቀለም ቀይራችሁ ነው ያሳሳታችሁኝ ብዬ ተቆጣሁ።

ምሳ በልተን ወደ ሱሉልታ ወጣን። ሱሉልታ ቅዳሜ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ሁሉ ፈረስ ካልጋለብኩ ይላል። እኔ ወሬ ይዣለሁ፤ የጅቡቲዋን ዲኪል ሙቀት እያጋነንኩ እነግራታለሁ። ድንገት መኪናዋ ቀጥ አለች። አሰጋሽ፣ መሪ ነክታ የማታውቅ ሴት፣ የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጇ ስባ ይዛዋለች። ልጮህባት አፌን ስከፍት በአገጯ ወደ ግራ አሳየችኝ። ዞርኩ።

በመስኮቴ የፈረስ አንገት አየሁ። ነጭ ፈረስ፤ እጄን ብዘረጋ የምነካው። ላዩ ላይ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፣ አንዲት ልጅ ልጓሙን ጨብጣ፣ አፏን ከፍታ ታየኛለች። አላለቀሰችም። እሷም እንደኔ ክው ብላ ቀርታለች።

እስቲ ፍረዱኝ። ድመት አይደለም፣ ጠጠር አይደለም። ፈረስ ነው! በጠራራ ፀሐይ፣ ነጭ ፈረስ፣ ሰው ተቀምጦበት። እኔ ይገዙ አላየሁትም።

አሰጋሽ ፍሬኑን ሳትለቅ፣ ‘ይገዙ፣ ከጠዋት ጀምሮ በግራህ ያለ ነገር አይታይህም፤ ስቆጥርልህ ነው የዋልኩት’ አለችኝ። መንገድ ዳር ወጥተን ቆምን። የነጠላዋን ጫፍ አጥፋ ቀኝ ዓይኔን ሸፈነችውና ስንት ጣት ነው ያነሳሁት አለችኝ።

‘ምነው ጨለመ?’ አልኳት።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። እሷ ቀስ ብላ ነጠላውን ለቀቀችው። መኪናዋን እዚያው ትተን ልጃችን ቤት በእግራችን ሄድን፤ ቤቱ ምን እንደሚመስል ዛሬም አላስታውስም።

ሰኞ ሐኪም ቤት ገባሁ። ሐኪሟ ግላኮማ ይባላል አለችኝ። የዓይን ውስጥ ግፊት ነው፣ አያምም፣ ቀስ እያለ ይበላል። አንዱ ዓይን ሲደክም ሌላው ስለሚሸፍንለት ባለቤቱ ሳያውቀው ይኖራል። የግራው ከጠፋ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ አይመለስም፤ የቀኙን ግን በጠብታ እንጠብቀዋለን አለች። ሥራዎ ምንድነው ብላ ጠየቀችኝ። ሾፌር ነኝ ስላት እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

እንዴት ነዳሁ? እኔም ራሴን ስጠይቅ ከረምኩ። ለካስ የጅቡቲን መንገድ በዓይኔ አልነበረም የምነዳው። አዋሽ ላይ ጎርበጥ የሚለው የት እንደሆነ፣ ፍየሎቹ በየትኛው መታጠፊያ እንደሚሻገሩ ሸምድጄዋለሁ። ቡራዩንና ሱሉልታን ግን አልሸመደድኳቸውም። ከቤቴ ደጅ ያለውን መንገድ ባለማወቄ ነው ጉዴ የታወቀው።

ሁለት ዓመት ሙሉ በግራዬ ማን ነበር? ስንት ልጅ ከመንገድ ዳር ወደ ኋላ ዘሎ አሳልፎኝ ይሆን? ስንት እናት ረግማኝ ይሆን? እንቅልፍ የለኝም፣ አልደብቃችሁም። አምና ደግሞ ‘አደጋ ያላደረሰ አሽከርካሪ’ ብላችሁ ዋንጫ ሸልማችሁኛል። ያው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ለአሰጋሽ ይሰጥልኝ፤ አደጋ ያላደረሰችው እሷ ናት።

ሐኪሟ አንድ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። መንጃ ፈቃድ ሲያድሱ ዓይንዎን አላዩዎትም ወይ አለችኝ። አዩኝ እንጂ! የዛሬ ሦስት ዓመት ነው፣ ከዲሪባ ጋር ነበርን። ሁለታችንም ጭነት ይጠብቀናል፣ ሰልፉ ረጅም ነው። ግድግዳው ላይ ሦስት ጣት የመሰሉ ምልክቶች አሉ፤ ጣቶቹ ወዴት እንደሚያመለክቱ መናገር ነው። ዲሪባ ቀድሞኝ ገብቶ ወጣና በጆሮዬ፣ ‘አምስተኛውን መስመር ነው የሚጠይቁህ፤ ላይ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ግራ’ አለኝ። በቀኝ ዓይኔ አነበነብኩት። በግራም ያንኑ ደገምኩት። በግራው ጭጋግ ነበር፤ እንቅልፍ አጥቼ ነው ብዬ አለፍኩት። ጎበዝ ተብዬ፣ ማህተም ተመትቶልኝ፣ ከዲሪባ ጋር እየተሳሳቅን ወጣን።

ሐኪሟ ይህን ስነግራት፣ ‘ያኔ መጥተው ቢሆን እናድነው ነበር’ አለችኝ።

ዲሪባ፣ አንተን አልወቅስም። አፉም ምላሱም የእኔ ነው።

አሁን ግን ሁላችሁንም አንድ ሥራ ላዛችሁ። አሰጋሽ፣ ካርቶኑን ይዘሽ እዚያ በሩ ጋ ቁሚልኝ። እነዚያኑ ምልክቶች ነው የሳለችበት፤ ትናንት ራሷ ስለሆነች የሳለችው ማንም አልሸመደደውም። ሥራ አስኪያጁም ጭምር፣ ሁላችሁም ግራ ዓይናችሁን ሸፍኑ። የመጀመሪያው ወዴት ነው? ታች፤ ጥሩ። ሁለተኛው? ግራ፤ ጎሽ። አሁን ደግሞ ቀኙን ሸፍኑ። አሰጋሽ፣ ካርቶኑን ገልብጪው። ወዴት ነው? ላይ፤ ጥሩ። ቀጥሎስ? የሺጥላ፣ ቀስ በል፣ ሰበታ ሁሉ ሰማህ።

ዲሪባ፣ ያንተን ድምፅ አልሰማሁም።

በጣቶችህ መሃል አጮልቀህ የየሺጥላን ከንፈር ነው የምታየው። አትሳቅ ወንድሜ፣ እኔም ሳቄን ጨርሻለሁ። ከሱሉልታ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ሆዴ ውስጥ አለ። ያን ቀን መስመሩን ነገርከኝ፤ አመስግኜህ አለፍኩ። አንተስ እንዴት በቃልህ ያዝከው? የሚያይ ሰው መሸምደድ ምን ያደርግለታል?

ምን አልክ? ጮክ በልልኝ።

ሰማችሁት? ‘ግራው ነው፣ ከያኔ ጀምሮ’ አለ።

ወንበር አቀብሉኝ እስቲ። ጠርጥሬ ነበር፤ ግን እንዳይሆን ስለምን ነው የከረምኩት። ሦስት ዓመት አንዳችን ከፊት አንዳችን ከኋላ ሆነን ተጉዘናል። ፈጣሪ ሆይ፣ ሁለታችንም!

እሺ። ቁልፉ ይኸውና። አልሰጥህም፣ ዲሪባ። የወይንሐረግ፣ የማክሰኞውን ስምሪት ሰርዢው። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ቅር ካሰኘዎት በእኔ ይሁን፤ ከእንግዲህ ሊያባርሩኝ አይችሉም። ይህ ሰው ከሥራው እንዳይፈናቀል ግን በሁሉም ፊት አደራ እልዎታለሁ፤ እውነቱን የተናገረ ሰው እንጀራውን ካጣ ነገ ማንም አይናገርም።

ዲሪባ፣ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ደጃፍህ ላይ ነኝ። ታክሲ ይዘን ሐኪሟ ጋ እንሄዳለን። የእኔ አምልጦኛል፤ ያንተ ላያመልጥህ ይችላል። ይንዳ ካለች ቁልፉን በእጄ እሰጥሃለሁ። አይንዳ ካለች ደግሞ አሰጋሽን አስከትለን ሱሉልታ እንሄድና ፈረስ እንቀመጣለን፤ ፈረሱ ለራሱ ያያል።

እናንተም ወንድሞቼ፣ እግዜር ከፊታችሁ ይቅደም፤ በግራም በቀኝም የሚመጣውን ያሳያችሁ። ጭናችሁ በሰላም ውጡ፣ አራግፋችሁ በሰላም ግቡ። ልጆቻችሁ ሲያድጉ በሁለት ዓይናችሁ እዩ። ከጎናችሁ ተቀምጦ በጊዜው ፍሬን የሚስብላችሁ ሰው አያሳጣችሁ። ይህ ቤት ይስፋ፣ መኪኖቹ ይብዙ፣ የወይንሐረግም አምስት ደቂቃ አምስት ደቂቃ ይሁን። ነጋቲ፤ ደህና ሁኑልኝ።

ዲሪባ፣ ና ከጎኔ ቁጭ በል። በቀኜ በኩል ሁን፣ እንዳይህ።