የበለስ ዘበኛ

በነሐሴ፣ ከቆቦ ወጣ ባለ ደረቅ ኮረብታ ላይ፤ ብቻውን የሚኖረው ጓንጉል በለስ አጥሩ ሥር ቆሟል፣ የታላቅ ወንድሙ የደርበው ሚስት ስንዱ ባዶ ቅርጫት ይዛ መጥታበታለች።

ጓንጉል፦ ካቻምና፣ በአስተርዮ ማርያም ማግስት። ልጃችሁን ስትድሩ። ደርበው ለከተማ እንግዶቹ ሲያስተዋውቀኝ ወንድሜ ነው አላለም። «ይሄ የበለስ ዘበኛችን ነው» አለ። ዳሱ በሳቅ ተናወጠ።

ስንዱ፦ ሞቅ ብሎት ነበር፣ ወንድምዓለም።

ጓንጉል፦ ሞቅ ያላቸውስ የሳቁት ናቸው። እሱ የያዘው ብርዝ ነበር፤ አይቼዋለሁ።

ስንዱ፦ አይ ዓይን! የሰው ብርጭቆ ሳይቀር?

ጓንጉል፦ ጥግ ያስቀመጡት ሰው ከማየት ሌላ ምን ሥራ አለው?

ስንዱ፦ እሺ፣ በድሎሃል። አሁን ግን ስኳሩ እየጣለው ነው። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ክኒኑን ሳያቋርጥ በለስ በልክ ይብላ ብላለች። አሰር ስላለው ስኳሩን ቀስ እያደረገ ነው አሉ ወደ ደም የሚለቀው። ለጋ ቅጠሉንም ቀቅሉለት አለች።

ጓንጉል፦ ቅጠሉን! በድርቁ ዓመት እሾሁን ለብልቤ ለላሜ ስሰጥ «አብረሃት ብላ» ያለኝ ሰውዬ?

ስንዱ፦ ምን ይደረግ፣ የሰፈሩን ነጩ ተባይ ጨረሰው። የተረፈው ያንተ ነው።

ጓንጉል፦ ዝም ብሎ የተረፈ መሰለሽ? ቅጠል በቅጠል በመጥረጊያ ስፈገፍግ ነው የከረምኩት። እናንተ በመንገድ ስታልፉ «ጓንጉል በለሱን ገላ ያጥባል» ትላላችሁ።

ስንዱ፦ እኔ አላልኩም።

ጓንጉል፦ አንቺ ሳቅሽ… በይ ቅርጫቱን አምጪው። ዞር በይ፣ እሾሁ ዓይንሽ እንዳይገባ፤ በሣር ልጥረገው።

ስንዱ፦ እግዜር ይስጥህ።

ጓንጉል፦ አብዝቶ እንዳይበላ፣ ዘሩ ሆድ ያደርቃል። ልጅ ሆነን አግበስብሶ በልቶ ሆዱን ይዞ ሲያለቅስ፣ ተልባ በጥብጬ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ታናሹ!

ስንዱ፦ ነግሮኛል። «ጓንጉል ይልጥ ነበር፣ እኔ እበላ ነበር» ይላል። ትናንት ከአላማጣ አስመጥቼ ላጥኩለት፤ አፉ አላስገባውም።

ጓንጉል፦ በለስ ካላችሁ ታዲያ የኔን ምን ፈለግሽ?

ስንዱ፦ በለሱን አይደለማ። የሚልጥለትን ነው የፈለገው። ዓይኑ ደክሟል ጓንጉል። ዳናህን ሰምቶ ነው የሚያውቅህ።

ጓንጉል፦ ለኔስ ማን ይልጥልኛል? ሚስቴ አስካለ ከሞተች ወዲህ የላጥኩትን ራሴው ነኝ የምበላው። በለስ ብቻውን የሚበላ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?

ስንዱ፦ ቢላዋህን አቀብለኝ… እንካ፣ ይችን ላጥኩልህ። አፍህን ክፈት እንጂ፣ እጄ ዛለ። እምቢ? እሺ፣ ቢላዋህን ውሰድ። ብቻ ና፣ አብረን እንሂድ… መንገድ ጀመርክ? ተመስገን! …ጓንጉል? …ኧረ ወንድምዓለም፣ ጀርባህን ሰጥተኸኝ ወደ ጎጆህ? ቤታችን በወዲህ ነው!